የትከሻው ቃል አቀባይ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት በሽተኛ አለ፤ ብቻውን የሚታከምና ታላቅ እህት ያለችው። ሁለተኛው ምን እንደሚያመው የሚሰማው ከሐኪሙ ጋር እኩል ነው።

ቀለም ቀቢው ከሁለተኞቹ ወገን ነበር። ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ሐኪም ፊት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አያውቅም። ትናንት ጣሪያ ሲቀባ ቀኝ ትከሻው ወለቀ። ድንገተኛ ክፍል ወደ ቦታው መለሱለትና ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ዛሬ ራጁን ይዞ አጥንት ሐኪሙ ዘንድ ቀረበ። ክብርት ቃል አቀባይ እህቱ ወንበሯን ቀድማው አስጠግታለች።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«እዚህ ጋ!» አለች እህት፣ የራሷን ትከሻ ጨብጣ። «እንደ እሳት ይለበልበዋል። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አልከደነም።»

ቀለም ቀቢው ግራ ገባው። የተኛ መስሎት ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን አለመተኛቱን ማመን ጀመረ። ሰው የገዛ ሕመሙን ካላወቀ፣ እንግዲህ ምን ያውቃል?

«ሲወልቅ ይሄ ስንተኛ ጊዜው ነው?»

ለዚህች ጥያቄ እንኳ ተዘጋጅቶ ነበር። የመጀመሪያ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ክንድን አሳርፎ፣ ፊዚዮቴራፒ ሠርቶ ወደ መሰላል መመለስ ነው፤ ከተደጋገመ ቢላዋ አለው ሲባል ሰምቷል። ቢላዋ ደግሞ ይፈራል።

«የመጀመሪ...»

«አራተኛው ነው» አለች።

ክው አለ። ሦስቱን ለማንም አልተነፈሰም፤ ጥርሱን ነክሶ ራሱ ነበር የመለሳቸው።

«እታለም፣ አንቺ ደግሞ ከየት...»

«ዝም በል! ዶክተር፣ አንዴ በግራ እጁ ልላጭ ብሎ አገጩን ቆራርጦ መጣ። አንዴ ሹራብ ማጥለቅ ትቶ ባለዚፕ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው ጊዜ የልጅ ልጄን ብድግ አድርጎ ማቀፍ ተወ፤ ቁጭ ብሎ ነው የሚስማት። ዕውር መስዬዋለሁ!»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። «እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው፤ ግን ሥራዎ እጅ ሽቅብ መዘርጋት ስለሆነ ደግሞ ሊወልቅ ይችላል። ሌላው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የላላውን እናጠብቀዋለን፤ ማገገሙ ወራት ይፈጃል። የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

ቀለም ቀቢው ወደ እህቱ ዞረ። መሬት መሬት ታያለች።

«ምን ይሻለኛል እታለም?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ትከሻው ያንተ አይደለም እንዴ?»

ዕድሜ ልኩን ይህችን ዝምታ ሲመኝ ኖሮ፣ ስትመጣለት መግቢያ መውጫዋ ጠፋው። ከዚያ እጇን አየ። የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል። ለካ እሷም ቢላዋ ትፈራለች፤ ፈርታም አልዋሸችለትም።

«ቀዶ ሕክምናው ይሁንልኝ» አለ። የገዛ ድምፁ ቀጭን ሆነበት። «አንድ ነገር ግን፤ በማደንዘዣ ተኝቼ እስክነቃ፣ የምትጠይቁኝን ሁሉ እሷን ጠይቋት።»