የአያ ቢያድግልኝ ቤት ጥበቃ

የተቸገረ ሰው መርዳት ቀላል የሚመስላችሁ እኛን ጎጃሜዎቹን ስለማታውቁ ነው። ከእኛ ላይ ቤት መቀማት ከባድ ነው፤ ለእኛ ቤት መስጠት ግን ይብሳል። ይህን ስል ሰው እያማሁ አይደለም፤ እኔም ከነሱው ነኝ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። አምበር አጠገብ ያለችውን የአያ ቢያድግልኝን መንደር ጣሊያን «አርበኛ አብልታችኋል» ብሎ አቃጠላት። (አብልተው ነበር፤ ያውም እስኪጠግብ።) ሽማግሌው ሚስታቸውንና እርጉዝ ልጃቸውን ይዘው መጥተው ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር፣ ከወይራው ሥር ሰፈሩ። ክረምት ሊገባ ነው፤ የልጅቱም ወሯ ደርሷል።

እኛ የሚካኤል ማኅበርተኞች ተመካከርንና ትልቅ ስሕተት ሠራን። በማኅበሩ ቀን፣ ጽዋው እየዞረ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቤት እንከራይልዎ፤ ኪራዩን ማኅበሩ በእህል ይችላል» አልናቸው። ጽዋውን ሳይቀምሱ አስቀመጡት።

«ቤቴ ተቃጠለ እንጂ መቼ እጄን ዘረጋሁ?» ብለው ወደ ወይራቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ዝናቡ ጀመረ። እኔም ውሸቴን አዘጋጅቼ ሄድሁ። ሙሉ ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ወንድሜ ይሁኔ ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቶ ቤቱ ባዶውን ቀርቷል።

«አያ ቢያድግልኝ፣ አንድ ውለታ ይዋሉልኝ» አልኋቸው። «ጣሊያን ባዶ ቤት ካየ ባንዳ ያስገባበታል። የወንድሜን ቤት ገብተው ቢጠብቁልኝ።»

ወገቧን ይዛ የቆመች ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«እስከ መቼ?»

«ወንድሜ እስኪመለስ።»

«እንግዲህ ለወንድምህ ስል ነው» ብለው ተነሡ።

የምስጋናውን ነገር ተዉት። በሳምንቱ አስጠርተው፣ «ክዳኑ ያፈሳል፤ ቤት እንዲህ ነው የሚያዝ?» ብለው ተቆጡኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ማኅበርተኛውም ሣሩን ተሸክሞ መጥቶ በደቦ ከደነው። ልጅቱ ከደረቅ መደብ ላይ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ እኔም የራሴ ልጅ የተወለደ ያህል ደስ አለኝ።

ለክርስትናው ስሄድ ቤቱ ጢም ብሎ ጠበቀኝ። ከተቃጠለችው መንደር የመጡ ሁለት ቤተሰቦች ጓዳውን ይዘዋል፤ ዓይናቸው የጠፋ አንዲት እማሆይ ደግሞ በሩ ሥር ተቀምጠዋል። ግራ ገብቶኝ ሽማግሌውን አየሁ።

«ምን ታየኛለህ?» አሉ። «ቤቱ ሰፊ ነው፤ እኔ አርጅቻለሁ። አብራችሁኝ ጠብቁ ብዬ ለምኛቸው ነው።»

በወገኔ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። «ደግ አደረጉ» ስላቸው እማሆይ ድምፄን ተከትለው ቀና አሉ።

«እኔ እንኳ እምቢ ብዬው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ቢለምነኝ፣ ቢለምነኝ ጊዜ መጨከን አቃተኝ።»

ጎንበስ ብዬ ስለ ጥበቃቸው አመሰገንኋቸው።