ቅቤ የተከለከለው ኤሱማ

ወለጋ ውስጥ ሰው ሲታመም ቅቤ መንገድ ይጀምራል። ከዲጋ በጆግ ይመጣል፣ ከአንገር ጉቲን በቅል ይመጣል። ታማሚው ካልተሻለው ቅቤው አንሶት ነው። ታዲያ ቅቤው ራሱ የሚያሳምመው ሰው ምን ይዋጠው?

ይህ ሰው የእናቴ ወንድም ነው፤ ኤሱማ ነው የምለው። ባኬ ጃማ ሰፈር ልብስ ይሰፋል። እግሩ እየደነዘዘ ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ሲወልቅ እንኳ አያውቅም ነበር። ደሙ ለምርመራ ተላከና፣ እሱ ያላየውን ውጭ አገር አይቶ መልስ ይዞ መጣ፦ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ፣ ስንት ሐኪም በዕድሜው የማያየው በሽታ። ቅቤ፣ ወተት፣ የከብትና የበግ ሥጋ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ስብ አለ፤ የእሱ ሰውነት ያንን ማስወገድ ስለማይችል እየተጠራቀመ ነርቩን ይጎዳል። ሕክምናው ዕድሜ ልክ እነዚህን መተው ነው። ውጤቱን የነገረችን ሐኪም ሌላም ነገር ተናግራ ነበር፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ስሰማ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀምሬያለሁ።

ማስረዳት እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ? በቅቤ የታሸ ጭኮ ይዞ ለመጣው ሁሉ በር ላይ ቆሜ ስለ ስብ አስተማርኩ። አንዲት ጎረቤታችን የሚደነዝዘውማ ቅቤ ያጣ ሰው ነው ብለው ተቆጡኝ፤ ሳስረዳቸው ግን የገዛ ቅቤያቸውን በጥርጣሬ እያዩ ተመለሱ። ሳላበዛው አልቀረሁም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ጠላቱ ምግብ ከሆነማ ብለው የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዙለት። ኤሱማም አብሮ ጾመ። እኔም ደገፍኩ፤ ባዶ ሆድ ውስጥ ቅቤ ከየት ይመጣል?

በሦስተኛው ቀን እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቃተው። ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሟ ማን አትብላ እንዳለው ጠየቀች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሲራብ ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ ያወጣል፤ የድሮው ቅቤ ያለውም እዚያው ስብ ውስጥ ነው፤ ምግብ እንዳታሳልፍ ያልኩት ለዚህ ነበር አለች። ኤሱማ ከትራሱ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ የአርባ ዓመት ቅቤ በሦስት ቀን አበላኸኝ።»

እግሩ እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀ። እንደ ድሮው ባይሆንም መኪናውን ይረግጣል። ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን ሌላ ጾም ታወጀና ኤሱማ መጾም አማረው። ሽማግሌዎቹ ግን አንተ ብላ፣ ረሃቡን እኛ እንይዝልሃለን አሉት። ለአፍ ያህል ያሉት መሰላችሁ? በምሳ ሰዓት ሦስት ሆነው ከንፈራቸው ደርቆ መጡ፤ በዘይት የተሠራውን ሽሮ ከበው ተቀመጡና እስኪጨርስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። አንደኛው በየጉርሻው ምራቃቸውን ይውጡ ነበር።

ኤሱማ እጁን ሲታጠብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ከጾሙስ ምሳው ከበደኝ።»