ሮጠው የማያውቁት አሰልጣኝ

አስቀድሜ ይቅርታ ልበል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ከቆጠሩ በኋላ ነው። እንኳን ሰው የሚያነበው ነገር ልጽፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ስጠየቅም አንገቴን የምደፋ ሴት ነኝ። ግን የምጽፍላችሁን ሰው እናንተም ሳታውቋቸው አትቀሩም ብዬ ደፈርኩ። ከተሳሳትኩ አርማችሁ አንብቡልኝ።

አንድም ቀን ሮጦ የማያውቅ የሩጫ አሰልጣኝ የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። አውቶቡስ ሲያመልጠው እንኳን ቆሞ እጁን ያውለበልባል እንጂ እግሩን አያነሳም። ቴሌቪዥን ላይ ማራቶን ሲመጣ ግን ከሯጮቹ ቀድሞ ላብ የሚያጠምቀው እሱን ነው።

የእኛው ክቡር ሰው "ጋሼ አሰልጣኝ" ይባላሉ። አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አብረን አንሶላ እንተኩሳለን። እሳቸው አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን ወደ ማሽኑ ስናስገባ ምክራቸው አይቋረጥም።

"ከመነሻው አትፍጠኚ! ጉልበትሽን ቆጥቢ! ዋናው ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው!"

ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ማለት ከምሳ በኋላ የሚመጣው የፎጣ ክምር ነው። ኃላፊያችን "ምን ያንቀራፍፋችኋል?" ብሎ ሲቆጣ፣ "ጌታዬ፣ ለጊዜው ከቡድኑ መሀል ተደብቀን ነው፤ መጨረሻው ላይ አፈትልከን እንወጣለን" ይሉታል። እስካሁን አልወጣንም።

የማራቶን ዕለት የሰፈሩ ፀጉር ቤት አይበቃቸውም። አሸናፊው ገብቶ ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል ሪሞቱን ጉያቸው ውስጥ ይከቱታል።

"አልቋል እኮ ጋሼ፤ ወደ ኳሱ እንለፍ" ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

"ማን አለቀ አለህ? ያቺን አታያትም?"

ያቺ ያሏት እግሯ እየተወላገደ፣ አንዴ አጥሩን እየያዘች አንዴ እየለቀቀች ከኋላ የምትጎተት ሯጭ ናት።

"አንደኛ የወጣውንማ ማንም ያየዋል። ይቺን እኔ ካላየኋት ማን ሊያያት ነው?"

ሯጯ መስመሩን አልፋ ስትወድቅ ዓይናቸውን በክርናቸው ይጠርጉና "የፀጉር ብናኝ ገባብኝ" ይላሉ። በዚያ ሰዓት ግን የሚቆረጥ ፀጉር የለም። እኔ ብናኙን አውቀዋለሁ። ከሥራ በኋላ ፊደል ስማር ከክፍሉ ሁሉ ኋላ የምቀረው እኔ ነበርኩ፤ ያቺን "ቀ" ጨርሼ እስክወጣ በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁኝም እሳቸው ነበሩ።

ባለቤታቸው እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው እኔም በምኖርበት ሕንጻ ምድር ላይ ነው፤ ቤታቸው ግን መጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከበሬ ፊት ለፊት። ሊፍት የሚባል ነገር ሕንጻው አያውቅም። አንድ ቀን እርጥብ ወለል አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ብረት ገባላቸው፤ ዳኑ። ሐኪሟም "አጥንቱ ገጥሟል። አሁን ደረጃም ቢሆን ቀስ እያሉ ይውረዱ፤ ከተቀመጡ እግሩ ይደርቃል" አለቻቸው። እትዬ ግን ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት፣ ከዚያ በቃ። ደረጃውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ ይመስላል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ ባል።

"እንቁላሉ ተሰብሮ፣ ተጠግኖ ሲሄድ አይተሃል?" ይላሉ ሚስት።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጋሼ አሰልጣኝ አንሶላውን ይዘው ምንም አልመከሩኝም።

"ምነው ጋሼ?"

"አቋርጣ ልትወጣ ነው" አሉኝ። "የስፌት መኪናዋን ልትሸጥ ገዢ አግኝታለች፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት ሊወስድ ይመጣል። መኪናው ከሄደ እኮ የምትወርድበት ምክንያት የላትም። እዚያው አልጋው ላይ ታረጅብኛለች።"

በማግስቱ የእረፍት ቀናችን ነበር። ጋሼ አሰልጣኝ በየደረጃው መታጠፊያ ላይ ወንበር አስቀመጡ፤ በየወንበሩ አጠገብም ብርጭቆ ውሃ የያዘ ጎረቤት አቆሙ። የመጀመሪያው ውሃ ጣቢያ እኔ ነበርኩ። ታች ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ የሚወጠር ሪባን አጥቶ የእትዬን የልብስ መለኪያ ሜትር ይዞ ቆመ።

"አንዴ ብቻ ሞክሪልኝ" አሏቸው ጋሼ እትዬን። "ካቃተሽ መኪናውን ራሴ ተሸክሜ ለሰውዬው አስረክባለሁ።"

"ከአፍህ ልገላገል ብዬ ነው" አሉና እትዬ ከዘራቸውን አነሱ።

አንድ እጃቸው ከዘራው ላይ፣ አንዱ የደረጃው ብረት ላይ። ባል አንድ ደረጃ ቀድመው፣ እጃቸውን ዘርግተው የኋሊት ይወርዳሉ።

"ትከሻሽን ዘና! ትንፋሽሽን!"

"አንተ ዝም ስትል ነው ዘና የምለው!"

መሀል ላይ ሲደርሱ እትዬ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ። "አልችልም። እግሬ የኔ አይመስለኝም" አሉ። ሁላችንም አሰልጣኙን አየን፤ አሁን ስለ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ያወራሉ ብለን። እሳቸው ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ከሱቅሽ ብቅ ብሎ 'ና ወዲህ፣ ኮሌታህን ላስተካክል' የሚለኝ የለም። ኮሌታዬ ተጣሞ ከረመ።"

እትዬ አይተው አይተው ጎንበስ አሉና ኮሌታቸውን አቃኑ። "እውነትም፣ እንዲህ ሆነህ ነው እንዴ ሰው ፊት የምትወጣው!" አሉ። ከዚያ ብረቱን ይዘው ተነሱ።

ታች ሲደርሱ ጭብጨባው ሕንጻውን አናጋው። እትዬ "ሜትሬን ማን አስወጣብኝ?" ብለው ከደረታቸው ላይ ነጥቀው ሱቃቸው ገቡ፤ የመኪናዋን አቧራ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ዞር ብለው ባላቸውን አዩ።

"እሺ፣ አሁንስ እንዴት ነው የምወጣው?"

ጋሼ አሰልጣኝ ቀና ብለው ደረጃውን ሽቅብ አዩ። ወንበሩን፣ ውሃውን፣ ሪባኑን ሁሉ ያሰቡት ሰውዬ መመለሻውን አላሰቡትም።

"በማራቶን እኮ መጨረሻው መጨረሻ ነው" አሉ። "ሯጭን ወደ መነሻው ተመለስ የሚለው የለም።"

"የኔ አልጋ ያለው መነሻው ላይ ነዋ!"

ፀጉር አስተካካዩ በወንበር ልሸከማቸው ቢል "አትሌቴን ለማንም አልሰጥም" ብለው ጀርባቸውን አዞሩ። ለአውቶቡስ እንኳን የማይሮጡት ሰው ሚስታቸውን አዝለው ወጡ። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ በየወንበሩ እየተቀመጡ የተረፈውን ውሃ ጨረሱት። እትዬ ከጀርባቸው ሆነው "ጉልበትህን ቆጥብ! ከመነሻው አትፍጠን!" እያሉ ይስቃሉ። እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ስለ ገዢው ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ እኛም ለመጠየቅ ፈራን።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼን ለሥራ ልጠራ ብወጣ በራቸው ገርበብ ብሏል። አጮልቄ ሳይ ብቻቸውን በጀርባቸው ተንጋለዋል።

"እግሬን ማንሳት አቃተኝ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ዝም በይ፤ እሷ እንደተኛሁ ነው የምታውቀው።" ጣታቸውን ወደ ደረጃው ቀሰሩ። ጆሮዬን ብጥል ከዘራ ድንጋይ ሲነካ ይሰማል። ቋ... ቋ...

"ወርጄ ልደግፋቸው?"

"እንዳትነኪያት! መታጠፊያው ላይ ናት... ቆመች... አይዞሽ... አይዞሽ እናቴ... ሄደች!"

ብዙ ቆይቶ ከታች የሱቁ ብረት መዝጊያ ሲከፈት ተሰማ። ጋሼ አሰልጣኝ ብርድ ልብሱን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። እኔም አላየሁም ብዬ በሩን መለስኩ።

ስወርድ ገዢው ጋሪውን አቁሞ ከሱቁ ደጃፍ ደርሷል። እትዬ መኪናዋ ላይ ተቀምጠው ክር እያስገቡ ነው። ቀና ብለው ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ሱሪህ መሬት ይጠርጋል" አሉት። "ግባ፣ ላሳጥርልህ።"