የሸህ ይማም አጥርና የካንሰር መድኃኒት

በእኛ አገር መድኃኒት ማወቅ ማለት አለመናገር ማለት ነው። ሥሩ የሚቆረጠው በማለዳ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ነው። ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል። አዋቂው የሚያወርሰውም ሊሞት ሲያጣጥር ለአንድ ልጁ ብቻ ነው፤ እሱም ምላሱ ካልተሳሰረ። የከተማችን የመካነ ሰላም መቃብሮች ከየትኛውም ፋርማሲ የተሻለ ክምችት አላቸው ብል አልዋሸሁም።

ታዲያ ሁሉም ነገር «ልማታዊ» በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ ለካንሰር መድኃኒት የሚሆን ዕፅ የሚፈልጉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ልማታዊ ተመራማሪዎች» ብሎ አስተዋወቃቸው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና መንገድ መሪነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ደስ አለኝ፤ ምክንያት ነበረኛ! ያሳደገችኝ አክስቴ ዘሀራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት፣ ዓመት ሙሉ ደብቃን ኖራለች። አዲስ አበባ ወስጃት የሰጡንን ረጅም ቀጠሮ እብጠቱ አላከበረውም። ትንሽ የሚያስታግስላት መድኃኒት አዋቂው ሸህ ይማም የሚቀቧት ሥር ብቻ ነበር። ይህ ሥር ቢመረመርስ ብዬ እንግዶቹን ይዤ ደጃቸው ሄድሁ።

«ሸህ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ለዘሀራ ሲሉ ሥሩን ይስጧቸው።»

«አብሽር ልጄ» አሉና ወደ ጓሮ ዞረው አንድ እቅፍ ቅጠል ከነሥሩ ይዘው ተመለሱ።

ተመራማሪዎቹ በጋዜጣ ጠቀለሉት፣ ቁጥር ለጠፉበት፣ ፎቶ አነሱት። እኔ ግን አወቅሁት። ሰንሰል ነበር! መንደሩ ሁሉ ልብስ የሚያሰጣበት፣ ፍየል እንኳ የማትመኘው የአጥር ሰንሰል። ታላቅ ሰው ፊት ለፊት ዋሹ ይባላል እንዴ? ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልሁ። ዲግሪዬም አብሮኝ ዝም አለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንደኛው ተመራማሪ ደወለልኝ፤ በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። «ያ ቅጠል የካንሰር ሴሎችን ገደለ!» በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ ለእኛ ነው! «እንግዲያስ አክስቴን…» ስል አቋረጠኝ። የገደለው በመስታወት ሳህን ውስጥ ነው፤ በመስታወት ሳህን ውስጥማ በረኪናም ይገድላል። ገና ገዳዩን ነገር ከቅጠሉ ለይቶ ማውጣት፣ ሰው እንዳይገድል አድርጎ እንደገና መቅረጽ፣ በአይጥ መሞከር አለ። «ቢፈጥን አሥር ዓመት» አለኝ። እብጠት ትዕግሥተኛ ቢሆን እንዴት ያለ ግሩም ዕቅድ ነበር!

ወደ ሸህ ይማም ሮጥሁ። የአጥራቸውን ገድል ነግሬ፣ አሁን እንኳ የእውነቱን ሥር እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ፣

«የሰንሰሉን ስም ጻፉት?» አሉኝ።

«አዎ፣ በፈረንጅኛም ጭምር።»

«ያ ረቢ! በቃ፣ ከሽፏል። ከእንግዲህ ለአጥርም አይሆን። ደግሞ ሌላውንም ላስከሽፍልህ?»

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኋት። ከሲታ ፊቷ በሳቅ በራ። ሳቋን ስትጨርስ ግን ትኩር ብላ አየችኝ።

«ሰንሰል መሆኑን ያኔውኑ አውቀህ ነበር?»

«አዎ።»

«የእኔው ሥር ሳይመረመር የቀረው እያወቅህ ነዋ!»

አክስቴ እጄን ይዛ፣ «አይ ልጄ» አለችኝ፣ «ለካ አንተም መድኃኒት አዋቂ ኖረሃል።»

በዚያው ወር ቀበርናት። ሰንሰሉ አሁንም ምርምር ላይ ነው አሉ። በዓመቱ ሸህ ይማምም ተከተሏት፤ ከነሥራቸው።