እንግሊዝኛ በእድር ድንኳን

(ካዛንቺስ፣ ሰኔ 1999። በአንድ የግል ቋንቋ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ የክፍሉ ጣሪያ ስላፈሰሰ፣ የእድር ድንኳን ተተክሏል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ አባርቷል። ኢንተርሚዲየት እንግሊዝኛ እያስተማረ የሚለማመደው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መብርሃቶም ጉንፋን ይዞታል፤ አፍንጫውን በመሐረብ ያብሳል። ኦልጅራ ሽማግሌ ነው፤ የግቢው ዘበኛና የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ። ወንበር ይደራርባል።)

መብርሃቶም፦ ይተዉት አልኩ እኮ ጋሽ ኦልጅራ! ክቡን አያፍርሱብኝ!

ኦልጅራ፦ ወንበሩ የእድር ነው ቲቸር። ሰው ሲሞት ይፈለጋል።

መብርሃቶም፦ ታዲያ ሰው እስኪሞት እንዲሁ ይቀመጥ!

ኦልጅራ፦ እንዲህ ከተቀመጠማ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

መብርሃቶም፦ ይሄ ዘመናዊ አቀማመጥ ነው! ድሮ ተማሪ የሰው ማጅራት እያየ ነበር የሚማረው። አሁን ድንኳኑን ታኮ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ ፊት ለፊት ይተያያል፣ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ገባዎት?

ኦልጅራ፦ አውቀዋለሁ።

መብርሃቶም፦ ከየት ነው የሚያውቁት?

ኦልጅራ፦ ከለቅሶ ቤት።

መብርሃቶም፦ (ይስቃል፣ ያስላል) ለእርስዎ ሁሉም ነገር ለቅሶ ቤት ነው፤ አልፈርድብዎትም። ለመሆኑ ክፍሌ ስንት ተማሪ ነበረው?

ኦልጅራ፦ ዘጠኝ። ሱሩር ሱቁን ዘግቶ ከመጣ አሥር።

መብርሃቶም፦ ዛሬስ? አርባ ሦስት! በምዘናዬ ቀን አርባ ሦስት ሰው! ከቂርቆስ በእግሩ የመጣ አለ።

ኦልጅራ፦ ጥሩምባው ቂርቆስ ድረስ ይሰማል።

መብርሃቶም፦ የምን ጥሩምባ?

ኦልጅራ፦ ጠዋት ደወሉ ተሰብሯል ብልህ፣ «ያለዎትን ይንፉ» አልከኝ። ያለኝ እሱ ነው።

መብርሃቶም፦ ጎበዝ! እንዲህ ነው ማስታወቂያ!

ኦልጅራ፦ ቆይ እስቲ አንድ ነገር ልንገርህ...

መብርሃቶም፦ ልጨርስ! እናቶች ሳይቀሩ መጡ እኮ። ብርዱ አስቸግሯቸው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው... እንዴት ያለ ማዳመጥ ነው! አንዷማ እንባዋን መግታት አቃታት።

ኦልጅራ፦ እትዬ መድኃኒት ናት። ምን እያስተማርካት ነበር?

መብርሃቶም፦ ሰውን መግለጽ። መልኩን፣ ጠባዩን። የእናቴን ፎቶ ከነፍሬሙ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። መርጃ መሣሪያ ይባላል።

ኦልጅራ፦ ሻማውስ?

መብርሃቶም፦ መብራት ጠፋ አይደል? ፎቶው እንዲታይ በግራና በቀኝ ሁለት ሻማ አበራሁ። ጥቁር ፍሬም ላይ ሻማ ሲያርፍበት አያምርም?

ኦልጅራ፦ ኧረ ሆድ ያባባል።

መብርሃቶም፦ ከዚያ ዝም አልኩ። የአስተማሪ ወሬ መብዛት የለበትም፤ ተማሪው ያስብ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው አልተነፈሰም!

ኦልጅራ፦ በሩ ላይ አማርኛ ክልክል ነው ብለህ ለጥፈህ ማን ይተንፍስ?

መብርሃቶም፦ ዋናው ዘዴ እሱ ነዋ! እዚህ ግቢ የገባ ሰው ወይ እንግሊዝኛ፣ ወይ ዝም። እርስዎም ቢሆኑ።

ኦልጅራ፦ እኔማ ቃልህን አክብሬ፣ የሚገባውን ሁሉ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አሳለፍኩ። አሁንም ልንገርህ ስል...

መብርሃቶም፦ አሁን ክፍሉ አልቋል፣ አማርኛ ፈቅጄልዎታለሁ። ግን መጀመሪያ ሚስ ዙለይካን ልንገርዎት! ሱፐርቫይዘሬ ናት፤ የእሷ ፊርማ ካልተገኘ ቅዳሜ ጋውን አልለብስም። እናቴ ደግሞ ለምረቃው ነገ ከአዲግራት ትገባለች፤ አገሩን ሁሉ ተሰናብታ ነው የተነሳችው።

ኦልጅራ፦ (በሐሳብ) ተሰናብታ...

መብርሃቶም፦ ሚስ ዙለይካ ማለት በሠርግ እንኳ ፈገግ የማትል ሴት ናት። ጓደኛዬን ተስፋማርያምን ጠመኔ በግራ እጁ ስለያዘ ጥላዋለች። ዛሬ ግን ገባች፣ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ አሥር ደቂቃ አየችኝ። ስትወጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና «ቢ ስትሮንግ» አለችኝ። ጠንካራ ነህ ማለቷ ነው።

ኦልጅራ፦ ጠንካራ ነህ ነው ወይስ ጠንክር?

መብርሃቶም፦ ጋሽ ኦልጅራ፣ በናትዎት እንግሊዝኛ ውስጥ አይግቡብኝ!

ኦልጅራ፦ (ከካፖርቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል) ስትወጣ ይቺን ስጥልኝ ብላኝ ነበር። ከቅድም ጀምሮ ልነግርህ የምለው...

መብርሃቶም፦ (ይነጥቃል) የምዘና ወረቀቴ! ፊርማ አለው! ኤ! ጋሽ ኦልጅራ፣ ኤ ሰጥታኛለች! በሦስት ዓመት ለማንም ኤ ሰጥታ አታውቅም!

ኦልጅራ፦ እንኳን ደስ አለህ። ከሥር ምን ይላል?

መብርሃቶም፦ አስተያየት ነው። ልተርጉምልዎት፣ እርስዎም ይማሩበት። (እየተንጠባረረ ያነባል) «እንዲህ ባለ ከባድ ቀን...» ዝናቡን ነው። «...ሥራውን ያላቋረጠ ወጣት አይቼ አላውቅም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ...» ጉንፋኔን ነው! «...እናቱን...» (ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል)

ኦልጅራ፦ እናቱን?

መብርሃቶም፦ (ድምፁ ይሰለላል) «...እናቱን በሞት ባጣ ማግስት...»

ኦልጅራ፦ እሱን ነው ልነግርህ የነበረው።

መብርሃቶም፦ ማን ነው እናቴን የገደላት?!

ኦልጅራ፦ አንተው ነህ። ጥሩምባ አስነፋህ፣ በእድር ድንኳን ሥር ሰው ደረደርክ፣ ፎቶዋን ሻማ አበራህበት። ሴትዮዋ በሩ ላይ «ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ፤ አማርኛ ከልክለኸኛል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። «የማን ነው ሐዘኑ?» ስትል ወደ አንተ ጠቆምኩ፣ አንተን ጠይቂው ለማለት። ይኸው ነው።

መብርሃቶም፦ በቃ... በቃ ዝም እንበል። ኤ ኤ ነው!

ኦልጅራ፦ ነገ ከመምህራኑ ጋር ልታጽናናህ ትመጣለች። ወንበሩ እንዳይነሳ ብላኛለች።

መብርሃቶም፦ ነገ እኮ እናቴ ትመጣለች!

ኦልጅራ፦ ጥሩ ነው። አብራ ትቀመጣለቻ።

መብርሃቶም፦ አይቀልዱ! (ስልኩን አውጥቶ ይደውላል፣ ላብ ያጠምቀዋል) ሄሎ? ሚስ ዙለይካ... የስ... ማይ ማዘር... ኖ... ማይ ማዘር ኢዝ... ኖ ፕሮብሌም። የስ። ቴንኪው። (ይዘጋል)

ኦልጅራ፦ ምን አልካት?

መብርሃቶም፦ እናቴ... ችግር የለም አልኳት።

ኦልጅራ፦ የእናቴ ሞት ችግር የለም? አንተ ልጅ ጨካኝ ነህ።

መብርሃቶም፦ ቃሉ ጠፋብኝ!

ኦልጅራ፦ ታዲያ በአማርኛ አትነግራትም?

መብርሃቶም፦ ከእሷ ጋር በአማርኛ? የኢንተርሚዲየት አስተማሪ ነኝ እኮ! አማርኛ ከተናገርኩ ያን ጊዜውኑ ወደቅኩ! (ስልኩ ይጮኻል) መልሳ ደወለች! አላነሳም! ሞቼ እገኛለሁ!

ኦልጅራ፦ ዛሬ አንድ ሞት ይበቃል። አምጣው ወዲህ። (ስልኩን ይወስዳል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል) ጉድ አፍተርኑን፣ ሚስ ዙለይካ። ኖባዲ ዳይድ። (ቀጥሎ ሳይደናቀፍ፣ በጠራ እንግሊዝኛ ስለ ደወሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ፎቶው ያስረዳል። መሐል ላይ እሱም እሷም ይስቃሉ። መብርሃቶም አፉን ከፍቶ ያያል። ኦልጅራ ተሰናብቶ ስልኩን ይመልስለታል።)

መብርሃቶም፦ ጋሽ... እንግሊዝኛ... ከየት?

ኦልጅራ፦ አሥራ አንድ ዓመት ከመስኮቱ ሥር ቆሜ። ሃያ ሰባት ተለማማጅ አሳልፌያለሁ፤ ሁሉም ኢንተርሚዲየትን ከምዕራፍ አንድ ነው የሚጀምሩት።

መብርሃቶም፦ ታዲያ በሩ ላይ በእንግሊዝኛ አይነግሯትም ነበር?

ኦልጅራ፦ «እርስዎ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ዝም ይበሉ» ብለኸኝ ነበር ጠዋት። እችል እንደሆነ መቼ ጠየቅከኝ? አስተማሪን ማሳፈር ነውር ነው።

መብርሃቶም፦ (ወረቀቱን ደረቱ ላይ አጣብቆ) ኤውስ? ቀረ?

ኦልጅራ፦ «ለሐዘንህ የሰጠሁህን ኤ ሰርዤዋለሁ» አለች።

መብርሃቶም፦ ወይኔ እናቴ!

ኦልጅራ፦ ጨርሰህ ስማ። ድምፄ ሲጎረንን፣ ጉንፋን የያዘህ አንተ መስዬአታለሁ። «አንተ ልጅ እንግሊዝኛህ እንዲህ መሆኑን እስከዛሬ ለምን ደበቅከኝ? ኤውን ለቋንቋህ መልሼ ሰጥቼሃለሁ» ብላኛለች።

መብርሃቶም፦ (ይዘላል) አለፍኩ! ጋሽ ኦልጅራ፣ አለፍኩ!

ኦልጅራ፦ አንተ ሳትሆን እኔ ነኝ ያለፍኩት። (የዘበኛ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል) በል ተነስ፣ ወንበሩን ደራርብ። ዝም ብለህ ታዲያ፤ ግቢው ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው።