አማቴን የገደልኩበት ቅዳሜ

ሴት ልጅ ሊጠይቅ ያሰበ ወንድ ከወደፊት አማቱ ጋር ከጸሎት በቀር ምንም ነገር አብሮ መሥራት የለበትም! ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ሰውየውን በገዛ እጄ፣ በሁለት እጅ በሚያዝ ሰይፍ፣ ልጃቸው ዓይኗን አፍጥጣ እያየች ገድያቸው ነው። ቆዩ... ፖሊስ አትጥሩ፤ መጀመሪያ ስሙኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ጓደኛዬ ሐጎስ ቤት እንሰበሰባለን። ጨዋታችን እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው ወረቀት ላይ የራሱን ጀግና ይፈጥራል፣ ሐጎስ ታሪኩን ይመራል፣ ጀግናው መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ደግሞ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። ሰይፍ አለ፣ ጦር አለ፣ ጩቤ አለ። ጠመንጃ የለም። እሱን ገና ስንጀምር ማንም ሳይናገር ተውነው። ሐጎስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕግ ክፍል ሠራተኛ ስለሆነ ደንባችን በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ የተጻፈ ነው። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ መሣሪያ እንደ ሰው ጠባይ አለው። የእጮኛዬ የትርሓስ ጩቤ ጠባዩ «ፈጣን» ነው። የኔ ሰይፍ «ጠራጊ» ነው፤ አንዱን ከጣለ በኋላ የተረፈው ኃይል አጠገቡ ወዳለው ያልፋል። በዚህ ላይ ልዩ ጥቃቶች አሉ፤ ዘሎ መምታት፣ ጠልፎ መጣል፣ መሣሪያ ማስጣል። ጠባይና ጥቃት ሲጋቡ ምን እንደሚወልዱ አሁን ታያላችሁ።

የገደልኳቸው ቅዳሜ ባለፈ በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌ ልልክ ነበር። አባቷን «ኣቦይ» የምትለው ትርሓስ «ኣቦይ ከዚያ በፊት ሊያዩህ ይፈልጋሉ» አለችኝ።

«ምሳ ልጋብዛቸዋ።»

«ምሳ ላይማ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው ይላሉ። ስትጫወት ነው ማየት የሚፈልጉት።»

ኣቦይ ሀፍቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ እሑድ እሑድ ማኅሌት የማይቀሩ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሰው ናቸው። ከቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ እስከ ሐጎስ ቤት በእግራቸው መጡና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እዚያው እንደተቀመጡ ብተዋቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር... «ለምን አይጫወቱም?» አልኳቸው።

«መሣሪያዎ ምን ይሁን፣ ኣቦይ?» አለ ሐጎስ።

«መቋሚያ።»

«ዝርዝሩ ውስጥ የለም እኮ።»

«ጻፈዋ፣ ወደይ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጠባዩ ምን ተብሎ?»

ኣቦይ ሀፍቱ ከዘራቸውን ገልብጠው በቆልማማው ጫፍ የሐጎስን ወንበር እግር ያዙና ሳብ አደረጉት። ጠረጴዛውን ባይጨብጥ ኖሮ ሐጎስን ከወለሉ ላይ ነበር የምናነሣው። ቶሎ ብሎ «ረጅም፣ ጠላፊ» ብሎ ጻፈ።

«ደም የማያፈስ የሚለውንም ጨምርበት» አሉ። «ነገ ማኅሌት አለኝ።»

ውጊያው በካሬ በተከፋፈለ ካርታ ላይ የተሳለ ድልድይ ላይ ነበር፤ ሁለት ሽፍቶችና አለቃቸው። እኔ በሆዴ «ምስኪን ሽማግሌ፣ ከኋላዬ እሸፍናቸዋለሁ» እያልኩ ነው። ምን ይሸፈናሉ! መቋሚያው ረጅም ስለሆነ ሽፍታው ሳይደርስባቸው እግሩን ጠልፈው ይጥሉታል። በደንባችን የወደቀ ጠላት ላይ ያረፈ ምት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ትርሓስ በፈጣን ጩቤዋ ብቅ ብላ ትጨርሰዋለች። አባት ይጥላል፣ ልጅ ትጨርሳለች፤ አንዴም ሳይነጋገሩ። ሁለቱ ሽፍቶች ሲያልቁ የኔ ሰይፍ ገና ከሰገባው አልወጣም። እኔ ደግሞ የመጣሁት ልታይ ነው!

አለቃውንም ጠልፈው ጣሉት። ከዚያ ጀግናቸውን ወደ አለቃው አስጠጉና «በሚቀጥለው ተራዬ ሰይፉን አስጥለዋለሁ፤ ከዚያ ይማረካል» አሉ።

«የኔ ተራ ነው» አልኩ። «ዘልዬ እመታዋለሁ።»

ትርሓስ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። ሐጎስ መነጽሩን አውልቆ «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ጨዋታ የሚመራ ሰው «እርግጠኛ ነህ?» ሲላችሁ፣ ወገኖቼ፣ እርግጠኛ አትሁኑ። እኔ ግን ዳይሱን ወረወርኩ።

ሃያ! ከፍተኛው ቁጥር! ወንበሬን ገፍቼ ዘለልኩ። የሳተ ሰው ነው የሚያፍረው ትላላችሁ አይደል? እኔ ያፈርኩት አግኝቼ ነው። ሐጎስ ወረቀቱ ላይ መደመር ሲጀምር ኣቦይ ሀፍቱ በቃላቸው ቀደሙት።

«ሰይፉ አሥራ ሁለት ነው። ስለዘለለ እጥፍ፣ ሃያ አራት። ጠላቱ ስለወደቀ አርባ ስምንት። አለቃው የቀረው ዘጠኝ ነጥብ ስለነበር ሠላሳ ዘጠኝ ተረፈ።» ቀና አሉ። «ይሄ ትርፍ የት ይሄዳል?»

ሐጎስ ደንቡን ገለጠ። «ጠራጊ ስለሆነ... አጠገቡ ወዳለው።»

አጠገቡ ያሉት እሳቸው ናቸው።

«አጠገቡ ወዳለው ጠላት ነው የሚለው!» ብዬ ጮህኩ።

«ማንኛውም ሰው ነው የሚለው» አለ ሐጎስ። «ጠላት የሚለውን ያሰረዝከው አንተ ነህ። ባለፈው ክረምት ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረህ።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ኣቦይ ሀፍቱ ግን ገና ሒሳባቸውን አልጨረሱም።

«እኔ ያለኝ አሥራ ሁለት ነው። ሃያ ሰባት ይቀራል። ከኔ ቀጥሎ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ትርሓስ አንድ ካሬ ራቅ ብላለች።»

«ተመስገን» አሉ። ወረቀታቸውን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ከዘራቸውን አነሡ።

«ኣቦይ፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ...» አልኩ።

«ሟች በር አይከፍትም፣ ወደይ» ብለው ወጡ።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት አትጠይቁኝ። ትርሓስን «እየቀለዱ ነው?» ስላት «እኔም አላወቅኩም» ትለኛለች። ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ገበያ ውስጥ አንዲት ቲማቲም ሻጭ «ኣቦይ ሀፍቱን የገደልካቸው አንተ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝና ቲማቲሙን ከፊቴ ትንሽ ራቅ አደረገችው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ መቀሌ ውስጥ የሚያስታርቀኝ ዘመድ የለኝም። ሽማግሌዬ ቤት አከራዬ አቶ ካሕሳይ ናቸው። ከጋብቻው በፊት ደም ማድረቅ እንዳለባቸው ማስረዳት ነበረብኝ።

«ሰውየው ታመዋል?»

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

«እሳቸው።»

አቶ ካሕሳይ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ይሄን ነገር ለሌሎቹ ሽማግሌዎች እኔ ነኝ የምነግራቸው፤ አንተ ዝም በል» አሉኝ።

እሑድ ሄድን። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ተመስገን ብዬ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው «ጥፋቱን አምኗል፣ ይቅር ይበሉት» አሉ። ኣቦይ ሀፍቱ ያቺን የታጠፈች ወረቀት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ገደለኝ ብዬ አልከሰስኩም» አሉ። «ውጊያ ውስጥ ሰው ይሞታል፤ ይሄን ለማንም መንገር አያስፈልገኝም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሰውየው ወድቋል። አንድ ተራ ብትታገሥ ይማረክ ነበር። የወደቀ ሰው ላይ ለምን ዘለልክ?»

«እንዲያዩኝ ብዬ» አልኩ።

«አይቼሃለሁ። አንተ ግን ስትዘል አጠገብህ ማን እንደቆመ አላየህም። ልጄ አንድ ካሬ ነው የቀራት። ዛሬ የምትጠይቀኝ ደግሞ ያቺን አንድ ካሬ እንድትጠጋልህ ነው።»

ትርሓስ በጓዳው በር በኩል ቆማለች። ጉንጬ ጋለ፤ ዓይኔም... አቧራ ነው እንበል። «ልክ ነዎት፣ ኣቦይ» አልኩ። «ከእንግዲህ ሳላይ አልዘልም።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። አሁን ገባኝ፤ ለካ ሰው ፈተና ሲያርም ዓይኑ እንዲህ ነው።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ልጄንም ሰጥቻለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ እልል ሊያስብሉ ሲነሡ እጃቸውን ዘረጉና አስቆሟቸው።

«አንድ ነገር ግን አለኝ። ሠርጉ ላይ ኬኩን ብቻዋን ትቁረጠው፤ አንተ ቢላዋ እንዳትነካ። ፎቶው ላይ አጠገብህ የምቆመው እኔ ነኝ።»