እጅን ደረት ላይ ማድረግ

አስታማሚ እንዴት እንደሚበላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቆሞ ነው። እህቴ አስቴር ዳሌዋ ተሰብሮ የተኛችውን እናታችንን እዚሁ ሶዶ ቤታችን ስታስታምም ዓመት ሞላት፤ ተቀምጣ ስትበላ ግን አላየሁም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ስለምውል፣ ብትቀመጥ አታመልጠኝም ነበር።

ሰሞኑን አንዲት ነርስ፣ «ለራስሽም እዘኚ እንጂ! እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና ራስሽን ‹አይዞሽ› በዪ» ብላ መከረቻት። አስቴር ታዛዥ ናት። በማግስቱ በረንዳው ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች።

ጎረቤት አየቻት። የሶዶ ጎረቤት ካየ በኋላ ምን ይቀራል? «አስቴርን ልቧን አመማት!» ተባለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የጸሎት ቡድኑ ደረሰ፤ ሙዝና አቮካዶ የያዙ ጠያቂዎችም ተከተሉ። «ኧረ ደህና ነኝ!» ብትል ማን ሰምቷት? አስተኟት። እናታችን ሳትቀር ካልጋዋ ሆና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ተኚ» አለቻት። አስቴርም በዓመቷ አንኮራፋች።

ይሄኔ አንድ ሽማግሌ፣ «ታዲያ እናትየዋን ማን ያስታምም?» ሲሉ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ሶፋው ዞረ።

እኔም ቀስ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።